ከጋሽ ልሳኑ ፊት ለፊት

ፀዳለ ላውንድሪ ከፍታ፣ ድረ ገጽ አሠርታ፣ ደንበኛ ብትጠብቅ ወፍ የለም። ሰው ኢንተርኔት ላይ ልብስ እጥበት ብሎ ሲፈልግ የከተማው ላውንድሪ ሁሉ ይደረደራል፤ የእሷ የለበትም።

«ሰፈርተኛው የሚያውቀውን ምልክት ጻፊበት» አለቻት እህቷ።

ሰፈርተኛው የሚያውቀው ምልክት ደግሞ አንድ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ልብስ ሰፊ፣ ጋሽ ልሳኑ። ፀዳለ በየገጹ አናት ላይ «ከልብስ ሰፊው ጋሽ ልሳኑ ፊት ለፊት» ብላ በትልቁ ጻፈች።

በሳምንቱ ስልኩ ፋታ አሳጣት።

«ሄሎ፣ ጋሽ ልሳኑ ጋ ነው? ሱሪ ላሳጥር ነበር።»

«ይሄ እኮ ላውንድሪ ነው!»

«ታዲያ ኢንተርኔት ላይ ስማቸውን ስጽፍ ያንቺ ስልክ ነው የሚመጣው!»

ደግሞ ዚፕ የሚያስቀይር፣ ደግሞ ቀሚስ የምታስጠብብ። ስልኩ ሳያንስ ሰዉ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ደጇ ይመጣ ጀመር። እሷም በጣቷ ማዶውን እያሳየች ስትሸኝ ዋለች። ጋሽ ልሳኑ እንኳን ድረ ገጽ፣ ደህና ስልክም የላቸውም!

«ለሰው ገበያ ነው ለካ የለፋሁት!» አለችና ጽሑፉን ልታጠፋ ላፕቶፗን ከፈተች።

ይሄኔ በሩ ተንኳኳ። ቀን ወደ ማዶ የሸኘቻቸው ሰዎች ከነፌስታላቸው ተመልሰው ተሰልፈዋል።

«ምነው፣ የሉም እንዴ?»

«ኧረ አሉ» አለች ከፊት የቆመችው፣ ልብሷን ባንኮኒው ላይ እየዘረገፈች። «‹ያልታጠበ ልብስ የስፌት መኪናዬን አይነካም፤ መጀመሪያ ፊት ለፊት አሳጥባችሁ ኑ› ብለው መለሱን።»