የኬኩ እምብርት

ቢላው ኬኩ መሃል ላይ ሲያርፍ አየሁ። "ኧረ ቆይ፣ እንደዚያ አይደለም!" ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ትቁረጠውና ትዋረድ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ሴትዮዋ የእህቴ ባል አዲሷ ሚስት ናት። እህቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ይቺ ደግሞ እዚህ ቤት ከገባች ገና መንፈቅ አልሞላትም። ዛሬ የእህቴ ልጅ ሚጡ ሰባት ዓመት ሞላት። ሻማው እፍ ተብሏል፤ የጎረቤት ልጆች ሳህናቸውን ይዘው ጠረጴዛውን ከበዋል።

እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ቦርሳዬን ታቅፌ ተቀምጫለሁ፣ አሁን ተነስታ እንደምትሄድ ሴት። የመጣሁት ለሚጡ ብዬ ነው። መጋረጃው ተቀይሯል፣ ሶፋው ዞሯል፣ የእህቴ አበባዎች ከመስኮቱ ተነስተዋል። እንዲህ እንዲህ እያለች እህቴ ከዚህ ቤት ተጠራርጋ እንዳትወጣ ነው የምፈራው።

ሴትዮዋ "እትዬ" ትለኛለች። እኔ ምንም አልላትም። ሰው መንገድ ላይ ለማያውቃት ሴት እንኳ "እህቴ፣ ስንት ሰዓት ነው?" ይላል። እኔ እህቴን ከቀበርኩ ወዲህ ያ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ለአትክልት ሻጯም፣ ለነርሷም። "ይቅርታ" እላለሁ፣ "ስሚ" እላለሁ፣ እሱን ግን አልልም። የነበረችኝ አንድ እህት ናት፣ አለቀ።

ቢላው ወረደ። ኬኩ ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ተከፈለ።

"እምብርቱስ?" አለች ሚጡ።

ሴትዮዋ ቀና አለች። "ምን አልሽኝ የኔ ቆንጆ?"

"እምብርቱ! እምብርቱን ቆረጥሽው!"

"ኬክ ደግሞ እምብርት አለው እንዴ?" ብሎ አንዱ ልጅ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ አንዷማ ሹራቧን ገልባ የራሷን አሳየች። ሚጡ አልሳቀችም። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

እህቴ ክብ ኬክ ስትቆርጥ በቢላ አትጀምርም። የሻይ ብርጭቆ አፉን ደፍታ መሃሉ ላይ ትጫነዋለች፤ ስታነሳው ትንሽ ክብ ይወጣል። እሱ እምብርቱ ነው፣ የባለልደቷ ነው፣ ማንም አይነካውም። ዙሪያውን ለእንግዳ ትሸነሽነዋለች። ከየት እንዳመጣችው እንጃ። "እምብርት ያለው ሁሉ እናት አለው" እያለች ሚጡን ሆዷን ትኮረኩራት ነበር። አምና ልደቱ አልተከበረም። ማን አንጀት ነበረው?

"አይዞሽ፣ ሆድ ውስጥ ሲገባ ያው ኬክ ነው" አለ አባቷ ሊቀልድ ብሎ። የሳቀለት የለም።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። ያ ሁሉ ሰው እያለ፣ ወደ እኔ።

"እትዬ፣ እናቷ እንዴት ነበር የምትቆርጠው? እባክዎ ያሳዩኝ።"

"እናቷ" አለች። በዚህ ቤት ያንን ቃል ጮክ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። አባትየው "እሷ" ነው የሚላት፤ እኔም ብሆን ልጅቷ ፊት እውጠዋለሁ። ይቺ ግን ክሬም የነካው እጇን ዘርግታ ትጠብቀኛለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። የፈራችው እኔን ነው። አፈርኩ።

ቦርሳዬን አስቀመጥኩና ተነስቼ የሻይ ብርጭቆ አመጣሁ።

"ተቆርጧል እኮ" አለች ሚጡ አፍንጫዋን እየሳበች።

"ቢቆረጥስ? ይወጣል።"

ሁለቱን ግማሾች መልሼ ገጠምኳቸው። ብርጭቆውን ለሴትዮዋ አስያዝኳትና እጄን እጇ ላይ ጫንኩ። "ተጫኚው። አሁን አዙሪው። ቀስ!" እምብርቱ ወጣ፣ መሃል ለመሃል እንደተሰነጠቀ።

ሚጡ ሳህኑን ተቀብላ እምብርቱን ለሁለት ለየችው። ከዚያ አንዱን ግማሽ በላች። ሌላውን በሹካዋ ወደ ሳህኑ ዳር ገፋ አደረገችው።

"ይሄ የእማዬ ነው" አለችና ከልጆቹ ጋር ወደ ግቢ ሮጠች። አባቷ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሴትዮዋ ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። ልጆች የተዉትን ፍርፋሪ፣ የላሱትን ክሬም፣ ሁሉንም ፌስታል ውስጥ እየገለበጠች የሚጡ ሳህን ጋ ደረሰች። እኔ ቦርሳዬን አንስቻለሁ። ከጣለችው የዚህን ቤት ደጃፍ ሁለተኛ አልረግጥም ብዬ ቆረጥኩ።

ሳህኑን ይዛ ማዕድ ቤት ገባች። በሩ ክፍት ነው፣ ይታየኛል። የሻይ ብርጭቆውን አጠበች፣ በፎጣ አደረቀች፣ ግማሿ ኬክ ላይ ደፋችው። ከዚያ ፍሪጁ ውስጥ፣ የልጅ እጅ የማይደርስበት ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። አሁን ደግሞ ኬኩ ይቅርና ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ቀጥ ብላ ወደ ሳህን ማጠቢያው ዞረች።

"ተይው ይደርሳል" አልኳት ከበሩ ላይ ሆኜ። "ከጠዋት ጀምሮ እንደቆምሽ ነው። ቁጭ በይ፣ እህቴ።"

ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። የእሷም እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋች፣ ወንበር ሳበች፣ ቁጭ አለች።