የእትዬ ዙበይዳ ግራ እጅ

በዘጠናዎቹ ዓመታት ሜልበርን ውስጥ ነው። እትዬ ዙበይዳን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ እጃቸው በድን ሆኖ ቀርቷል። ከፊትዝሮይ ሰፈር ፎቅ ቤታቸው በትራም ወደ ሆስፒታል ያመጣቻቸው ልጃቸው ኒስሪን ናት። ጡንቻ የምታሠራዋ ባለሙያ፣ ፊዚዮዋ፣ ግራ ክንዳቸውን ትራስ ላይ አጋድማ ሽቦ ያላቸው ተለጣፊዎች ለጠፈችበትና፣ ጡንቻው ትንሽ እንኳ ከሠራ ማሽኑ እንደሚጮህ ነገረቻቸው።

«ጨብጪ ትልሻለች» አለች ኒስሪን።

ታገሉ። ማሽኑ ጭጭ አለ።

«አባትሽ ይህን ቢያይ ደስ ይለው ነበር» አሉ በምሬት። «እንግዳ ፊት አፌን በከፈትኩ ቁጥር በነጠላዬ ሥር ይችኑ አንጓዬን ጨምቆ ዝም ያሰኘኝ ነበር።»

ማሽኑ ጮኸ።

«እማ፣ ሠራ እኮ! በይ ቀጥዪ፤ እሱን እያማሽ ልትድኚ ነው!»

ፊዚዮዋ አጨበጨበች። ኒስሪን ግን ሳቋን አቆመች።

«እስቲ ወንድሜ ሳላሀዲን ለምን ከቤት እንደጠፋ ንገሪኝ። አባዬ ከተቀበረ እንኳ ዓመት አለፈው፤ እስከ መቼ ትደብቂኛለሽ?»

እትዬ ዙበይዳ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ይህን ቀን እሳቸውም ሲጠብቁት ኖረዋል።

«ያን ቀን አባትሽ...»

ማሽኑ ያለማቋረጥ ይጮህ ጀመር። ፊዚዮዋ የተበላሸ መስሏት አጠፋችው፤ ተለጣፊዎቹንም አነሳች።

«እሺ እማ፣ ያን ቀን አባዬ ምን አደረገ?»

እትዬ ዙበይዳ አፋቸውን ከፈቱ። ትራሱ ላይ በተጋደመው እጃቸው፣ አንጓቸው ዙሪያ፣ ቆዳው አራት ጣቶች የጨመቁት ይመስል ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ሰረጎደ።