የብርነሽ ሽኝት

«ይህችኛዋ ወንበርስ ሰው አላት?» አለች አስተናጋጇ፣ መደገፊያዋን አስቀድማ ይዛ።

ብርነሽ ዞር ብላ አየች። ከጎኗ ያለው ጠረጴዛ በሠርገኛ ዘመዶች ሞልቶ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። «ውሰጃት» አለች። ሦስተኛዋ መሆኗ ነው። ስምንት ነበር ያስደረደረችው።

«ሥጋውስ ማዘር፣ ይቆረጥ?»

«ትንሽ እንቆይ። ሰዎቹ ከሥራ ወጥተው ነው የሚመጡት።»

ሰዎቹ ከሥራ ከወጡ አርባ አምስት ደቂቃ አልፏቸዋል። ከመሥሪያ ቤቱ እዚህ ለመድረስ ደግሞ በእግር ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ብርነሽ መዝገብ ቤት ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ልጅ አልወለደችም፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የሰው ጨዋታ የምትሰማው ቢሮ ነው። ሰው ሲዛወር ሽኝቱን የምታሰናዳው፣ ሲታመም ሾርባ ይዛ የምትሄደው እሷ ነበረች። የራሷን ሽኝት የሚያነሣ ሰው ሲጠፋ ጊዜ እሱንም ራሷ አሰናዳችው። አዲሱ ሆቴል ጣሪያው ላይ ባር ከከፈተ ጀምሮ ሁሉም «አንድ ቀን ወጥተን ፀሐይ ስትጠልቅ እንይ» ሲሉ ከርመዋልና፣ እንግዲያው ሐሙስ እንገናኝ ብላ ጠራቻቸው። «እንዴታ! እንቀራለን እንዴ!» ያላላት አልነበረም።

የመዛወሯ ነገር የመጣው በግምገማው ዕለት ነው። የአንዲት ባሏ የሞተባት ገበሬ የይዞታ መዝገብ ጠፋ ተባለ። ኃላፊው አቶ አብርሃም ጥፋቱን በቅርቡ በተቀጠረችው በመስከረም ላይ ጫኑት። ልጅቷ መልስ ስጪ ስትባል መናገር አቅቷት ተንሰቀሰቀች። አዳራሽ ሙሉ ሰው አቀርቅሮ ማስታወሻ ደብተሩን ሲያይ ብርነሽ እጇን አወጣች።

«መዝገቡ አልጠፋም። እኔ ነኝ በእጄ ለእርስዎ የሰጠሁት። የፈረሙበትም አለ።»

መስከረም ከሥራዋ ሳትባረር ቀረች። ብርነሽ ግን በሳምንቱ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደረሳት፤ ከሁምቦም አልፎ ወዳለ ቆላ ተዛውራለች።

አራተኛዋ ወንበር ሄደች። አምስተኛዋንና ስድስተኛዋን ብርነሽ ራሷ ገፋ አደረገችላቸው። ፊቷን እንዳያዩባት ወደ ከተማው ዞረች። የዳሞት ተራራ ግማሽ ጎኑ ጨልሟል። ታች መንገዱ ላይ ባጃጆቹ እየተጋፉ ሰው ያራግፋሉ። ከሚወርደው ሰው መካከል የምታውቀው እንዳለ አንድ በአንድ እያየች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ ብርነሽ፣ እኔ ነኝ። መስከረም።»

«የት ደረስሽ? ነይ እንጂ! ሥጋው አንቺን ነው የሚጠብቀው።»

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ታች ነኝ» አለች። «ከማዶ፣ ፎቶ ቤቱ በር ላይ።»

ብርነሽ ተነሥታ የብረት አጥሩን ተደገፈች። እውነትም ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች ልጅ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ላይ አንጋጣለች።

«ታዲያ ለምን አትወጪም?»

«ዛሬ አቶ አብርሃም ማን እንደሚሄድ ቢሮ ለቢሮ አስጠየቁ። እኔ ደግሞ ገና ቋሚ አልሆንኩም፣ እትዬ። እናቴ በእኔ ነው የምታድረው። አይቀየሙኝ።»

«ለአንቺ ብዬ አይደለም እንዴ?» የሚል ቃል ብርነሽ ምላስ ላይ ደረሰ። ከዚህ ከፍታ ስትታይ ልጅቷ ከአውራ ጣት የምትበልጥ አትመስልም። ቃሉን ዋጠችው።

«አልቀየምም» አለች። ውሸቷን ነበር።

«ከላይ ምን ይታያል?» አለች መስከረም።

«አባያ ይታያል። ውኃው ቀላ ብሏል። ከወዲህ ሁምቦ ነው፤ አቧራ ለብሷል። ከዚህ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል።»

«ፀሐይዋስ?»

«በወዲያኛው በኩል ናት። ኮረብታው ላይ ተቀምጣለች። ግማሿ ቀርቷል። ቆይ፣ አብረን እንያት።»

ይህን ስትል አንድ የመንግሥት ፒክአፕ ከአደባባዩ ታጥፎ መጣ። መስከረም ፊቷን ወደ ፎቶ ቤቱ መስተዋት አዞረች። መኪናው ካለፈ በኋላም ቀና አላለችም። ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ፣ ከገበያ ከሚመለሰው ሰው መካከል ገብታ ቁልቁል ሄደች። ብርነሽ ሰማያዊውን ሹራብ በዓይኗ ተከተለችው፤ ከዚያ ሌላ ሰማያዊ መጣ፣ ሌላም፣ የትኛው የእሷ እንደሆነ ጠፋት።

ከኋላዋ ሠርገኞቹ ይሳሳቃሉ። አስተናጋጇ እንደገና እየመጣች ነው።

ብርነሽ ዝም ያለውን ስልክ ከጆሮዋ ሳታወርድ፣ ብቻዋን አለመሆኗን ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ይኸው ፀሐይዋ ገባች» አለች። «አየሽ? አሁን ገባች።»