ከወታደሮቹ ጫማ ላይ የታጠበው ጭቃ

«ማናችሁ ናችሁ የነካችኋቸው?!»

ማዳም ጮኸች... ዓረብ አገር፣ ጃብሪያ ሰፈር ያለው ያ ትልቅ ቤት ጭር አለ።

ሶፍት ላይ አሥራ ሁለት ትንንሽ ወታደሮች ተደርድረው ይደርቃሉ። አንዱም ከአውራ ጣት አይበልጥም።

ወታደሮቹ የማዳም ባል የባባ አብዱልወሃብ ንብረት ናቸው። ጡረተኛው ባባ እጁ ደህና ሳለ በአጉሊ መነጽር የኮታቸውን ቁልፍ ሳይቀር ቀለም ቀብቶ መስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ደርድሯቸዋል። አርብ አርብ ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ላይ ጦርነት ያዋጋቸዋል።

የቤቱ ሠራተኛ ውብነሽ «የሽማግሌ አሻንጉሊት» እያለች ትስቅ ነበር።

ያን ቀን ታዲያ አቧራ ስትጠርግ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ አየችው። መቼም ውብነሽ እድፍ ካየች እንቅልፍ የላትም! በጆሮ ጥጥና በሳሙና ውሃ አንድ በአንድ አጸዳችላቸው።

ለካ ጭቃው ባባ አራት ወር ሙሉ ለፍቶ የቀባው ቀለም ነው! ወይ ጣጣ!

ማዳም ይህን ስትናገር ውብነሽ መጀመሪያ ያሰበችው እንጀራዋን ነው። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የሚታደሰው በዚያው ሳምንት ነው... አገር ቤት ደግሞ ሁለት ልጆች የእሷን እጅ ይጠብቃሉ።

«ማርያምን እኔ አይደለሁም! ሰብሪና ናት!» አለች።

ሌላዋ ሠራተኛ ሰብሪና ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። አፏን ከፈተች... ውብነሽን አየቻት... መልሳ ዘጋችው።

ማዳም ስልኳን ቀማቻት። «ባባ ከሕክምና ይመለስ፣ ወደ መክተብ፣ ወደ አመጣሽ ኤጀንሲ ትሄጃለሽ። ኸላስ!»

አሥር ቀን ሙሉ ሰብሪና የእናቷን ድምፅ አልሰማችም። ውብነሽም ከልጆቿ ጋር የምታወራው ሰብሪና እንዳትሰማት ሽንት ቤት ተደብቃ ሆነ። ሄጄ ልናገር ብላ ትነሳለች... በሩ ላይ ስትደርስ ትመለሳለች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን እያደር ከበዳት።

ባባ ተመለሰ። ሕክምናው አልረዳውም... ዓመት ሙሉ ብሩሽ ያስጣለው የእጁ መንቀጥቀጥ እንዳለ ነው። አንዱን ወታደር አንሥቶ በአጉሊ መነጽር አየው።

«ማን ነው ያጠበው?»

«ሰብሪና» አለች ማዳም። «ነገ ከመክተብ መጥተው ይወስዷታል።»

«የት ነው የሚወስዷት?» አለ ባባ። «ጭቃውስ ሄዷል... ግን እዩ! ከጫማው በላይ ያለችውን የፀጉር ያህል የቀጠነች ወርቃማ መስመር አልነካቻትም። እኔ ያጣሁት እንዲህ ያለ እጅ ነው። ልጄ፣ ከነገ ጀምሮ መወልወያውን ተይው። ከጎኔ ተቀምጠሽ ትቀቢያለሽ፣ አስተምርሻለሁ።»

ሰብሪና አንገቷን ደፋች።

«ባባ... እኔ አይደለሁም። ያጠበችው ውብነሽ ናት።»

ውብነሽ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች!

«ታዲያ አሥር ቀን ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?» አለች ማዳም።

«ልጆች አሏት... ጥፋቷን ልሸከምላት እችላለሁ። ምስጋናዋን ግን እንዴት ብዬ ልውሰድ?»

አያችሁልኝ? ቅጣቱን ዝም ብላ ተቀበለች... ሽልማቱን ግን ለባለቤቱ መለሰች!

ባባ አልተቆጣም። መጀመሪያ የሰብሪናን ስልክ አስመለሰላትና «ለእናትሽ ደውይ» አላት። ከዚያ ቀጭኗን ብሩሽ ለውብነሽ ዘረጋላት።

ተቀበለችው...

እጇ ግን ከባባ እጅ ብሶ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወዳጆቼ... የሰው እድፍ ማየት የማትችለው ሴት በገዛ ምላሷ ያቆሸሸችውን አሥር ቀን ሳትጠርግ አደረች። ፈርተን ሰው ላይ የጣልነውን ጥፋት እኛው ቶሎ እናንሣው፤ የበደልነው ሰው ደግ ሲሆን እፍረቱ እጥፍ ነው።

እናንተ በውብነሽ ቦታ ብትሆኑ... ያንን ብሩሽ ትቀበሉ ነበር? እስቲ ሳትዋሹ ጻፉልኝ።