የአልፋዋ ክብደት

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ጎርፍ ጋራዡን ዘጋው፣ ሥራ ጠፋ። መካኒኩ ላቀው በቀን አንዴ እየቀመሰ ከረመ። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ድንበሩ ግን ቤታቸው ተቀምጠው ሲበሉ ከረሙ።

ክረምቱ አልፎ ሲበራ የጋሽ ድንበሩን አሮጌ አልፋ መኪና ለዳገቱ ውድድር ማቅለል ያዙ። ላቀው የኋላ ወንበሩን፣ ትርፉን ስኮርታ ጎማ፣ የፊትና የኋላ ፓራውልቶቹን አወጣ። ሚዛን እንድትይዝ ባትሪውን ወደ ኋላ፣ በቀኝ በኩል አዛወረው። ጋሽ ድንበሩ መሪው ጋ ሲቀመጡ ግን መኪናዋ አሁንም ወደ ግራ ተንጋደደች።

«ሌላ ምን ይውጣ?»

ላቀው አቀረቀረ። «የበሩን ጨርቅ ልንቀለው፣ ጋሼ?»

«ጨርቅ ምን ይመዝናል?»

«ያው... ከሚቀር ብዬ ነው።»

ደጅ ላይ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ሳቀ። «ይሉኝታ ይዞህ መኪናዋን እርቃኗን ልታስቀራት ነው!»

ጋሽ ድንበሩ ገባቸው። እያቃሰቱ ወረዱ። «እስቲ አንተ ግባ።»

ላቀው ገብቶ ተቀመጠ። መኪናዋ ቀጥ አለች። ጋሽ ድንበሩ በላቀው የወገብ ቀበቶ ላይ በምስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች አዩ፤ ቀና ብለው ፊቱን ማየት አቃታቸው።

«በውድድሩ አንተ ትነዳለህ።»

«ኧረ ጋሼ! መኪናዋ እኮ የእርስዎ ናት።»

«ከተጣለችበት ጎትተን ስናመጣት፣ አንድ ቀን ትወዳደርባታለህ ብዬህ አልነበር? ይኸው ሸበትክ።»

ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖሩለትና መኪናዋን ሊገፉለት ወደ ኋላዋ ዞሩ።