የጋሽ ገብረየስ ክኒን

ፋርማሲስቷ ፈዲላ፣ ጎሮ ሰፈር ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ በመጣች ቁጥር፣ ጋሽ ገብረየስ «ልጄ፣ ለዶክተሩ ነገርሽልኝ?» ይሏት ነበር። የእንቅልፍ ክኒኑ እያዞረ ይጥላቸዋል። «ይቁምላቸው» ስትለው ዶክተሩ «እሺ፣ አየዋለሁ» ይላል። እሺታው ከአፉ አያልፍም።

ጋሽ ገብረየስ ወድቀው ሞቱ። ዶክተሩ ለቅሶ ደረሰ፤ ለዚያስ ጊዜ አላጣም።

ከአርባቸው በኋላ ፈዲላ አመሻሹ ላይ ስትመጣ፣ ነርሷ ሳምራዊት ክኒንና ውሃ ይዛ ወደ ሟቹ ክፍል ስትገባ አየቻት።

«ሳምራዊት! ሰውየው እኮ ተቀብረዋል!»

«ዶክተሩ አቁሚ አላለኝማ። በማን ትእዛዝ ላቁም?» አለች ሳምራዊት፣ ባዶ ብርጭቆ ይዛ እየወጣች።

«ታዲያ ክኒኑን ማን ዋጠው?»

ሳምራዊት ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈች። የሟቹ ክፍል በር ገርበብ እንዳለ ነው። ከውስጥ አልጋው ሲጢጥ አለ።

«ልጄ፣ ለዶክተሩ ነገርሽልኝ?»