መኪናዋ የጠጣችው

ጉም የገብሱን ማሳ ባለበሰበት፣ ከወገዳ ከተማ በላይ፣ ወደ ጤና ጣቢያ በሚወስደው መንገድ፣ አሮጊቷ ላንድሮቨር ሁለቴ ስላ ቀጥ አለች። ዝምታው እንደ እንቅልፍ ለስላሳ ነበር። የትናየት ግን ከኋላ ወንበር ላይ ምጥ የያዛትን ልጇን እጅ ጨብጣ፣ ሞት በየት በኩል እንደሚመጣ ትጠብቅ ነበር።

ሾፌሩ ጋሽ ሷሊህ ባትሪውን ነካክተው፣ የናፍጣ ማጣሪያውን ፈቱና በብርጭቆ ቀዱ። ከናፍጣው ሥር ንጹሕ ውሃ ተኝቶ አበራ። «ይኼን ውሃ ማን አጠጣት?»

የትናየት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ገደሉን፣ ጭቃውን፣ ጎማውን ሁሉ ፈርታ ነበር፤ የገዛ እጇን ግን አልፈራችም። «ጋሼ፣ ጠዋት እርስዎ ሲሰግዱ ናፍጣዋ ውስጥ ጠበል ጨመርሁባት። መንገዱ እንዲቀናን ብዬ።»

«ለልጅሽስ ተረፈ?»

ልጅቷ ከምጧ መሀል ሳቋ አመለጣት፤ «እማዬ፣ እኔ ልወልድ መኪናዋን ታስጠምቂያለሽ!»

ጋሽ ሷሊህ ብርጭቆውን እግር በማይረግጠው ድንጋይ ሥር ቀስ አድርገው አፈሰሱ። ከነዳጅ ታንከሩ ሥር የቀረውንም ውሃ አወረዱ፤ ማጣሪያውን መልሰው ገጠሙ፤ ናፍጣውን በእጅ ፓምፑ ወደ ሞተሩ ሳቡና ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ሲነሣ፣ የትናየት የምትፈራው ነገር ለአፍታ ጠፋባት።